ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከሃቶን ፖስታ ቤት፣
ጉም እያረጠበኝ፣ ሽቅብ በብስክሌት፣
ለግሌንኬር ሻይ እርሻ ደብዳቤ ሳደርስ
አንዲት በር ነበረች የማውቃት፦
የጸሐፊው ቢሮ።

አራት መቶ ክፍል፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣
እንግሊዝ ደርድሮት ሄዶ ያልፈረሰ፤
ስም አለው በውስጡ፣ ልጅ አለው፣ ሰው አለው፤
አድራሻ ግን የለው።
ሁሉንም በአንድ ጆንያ ለቢሮ አወርዳለሁ፤
ጸሐፊው በብስኩት ጣሳ ይከተዋል፣
ሲመቸው ያድላል፣ ሲከፋው ያሳድራል።

ፑንጎዲን የማውቃት በዚያ ጣሳ ሰበብ ነው።
የሻይ ለቃሚዋ የሙኒያማ ልጅ፣
ከመስመር ቤቶቹ ከዐሥራ ሰባተኛው ደጅ።
ዩኒቨርሲቲ ጠራት፣ ባለ ማኅተም ደብዳቤ፤
ውፍረቱን አውቃ ጣቴ ደንግጦ ነበር ልቤ።
ሦስት መቶ እርምጃ ነው ከቢሮው እስከ በሯ።
አልሄድኩም። ደንብ ነው።
ዘጠኝ ሳምንት ቆየ፣ ብስኩት ብስኩት ሸተተ፤
ሲደርሳት ምዝገባው ጊዜው አልፎ ሞተ።

አላለቀሰችም። መንገድ ላይ ጠበቀችኝ፤
«ያመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ?» አለችኝ።
«አላስታውስም» አልኩ።
ማክሰኞ ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ያወቀው ነው፦
ለእርጥበት እያሉ ከየጆንያው ቅጠል
ሁለት ኪሎ ሲያጎድሉ፣ ማንም ምንም ሳይል፣
ከዓሣ ሻጭ ሚዛን ተውሳ መጣች፤
ጎናቸው ቆማ መዘነች፣
ልዩነቱን ጮክ ብላ ለሰልፉ አነበበች።
«ሚዛንሽ» አላት ኃላፊው፣ «ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»
«ይሻላል» አለችው፣ «የእናንተው ሰው ሰው ይሸታል።»

በሃያ አራት ዓመቷ ለምክር ቤት ቀረበች።
የፓርቲው ሽማግሌዎች «ፖስተር ትለጥፍ» አሉ፤
ለጠፈች፤ የራሷን።
ድምፁ ያልተሰማ ሰፈር ድምፁን ሰጥቶ ላካት።
በመጀመሪያው ቀን ሊቀመንበሩ ማይክ ዘጋባት፤
ከሸለቆ ማዶ እናቷን ስትጣራ የበሰለ ጉሮሮ
ማይክ መች ጠየቀ? አናወጠው እንጂ የአዳራሹን ቆርቆሮ።
በሲንሃላ ጀምራ በታሚል ጨረሰች፤ ተርጓሚውን ላብ አሰመጠው።
የጠየቀችው ትንሽ ነበር፦
በየበሩ ላይ ቁጥር።
«ቁጥር?»
«ቁጥር።»
«መሬቱ የኩባንያው ነው።»
«በሩን የሚያንኳኳው ግን ፖስተኛ ነው።»
(ያን ቀን ጀሮዬ ጋለ።)
እናቷ ሳትቀር፣ ቅጠል ያጠቆረው ጣቷን እያየች፣
«ቁጥር ይበላል ወይ?» አለች።
ልጅቷ መልስ አጣች።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ቢጫ ቀለም ገዛች ከገዛ አበሏ፣
ብሩሹን ጨብጣ ፊት ፊት ሄደች እሷ።
መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።
ሠፈሩን ስንጨርስ መሸ፣ ቀለሙ አለቀ፤
የመጨረሻው በር በከሰል ደመቀ።

ስለ ደሞዙ ግን እውነቱን ላውራ፦
ቃል ገብታ ነበረ። አልሆነላትም።
ለመንገዱ በጀት ስትል፣ አንድ ሌሊት ሳትተኛ፣
እጇን አነሣች ከማትወዳቸው ጋራ።
ለቃሚው ይቅር አላላት፣ ባርባ አንድ ድምፅ ወደቀች፤
በማግሥቱ የፓርቲው አድራሻ ጠፋ፣ ብቻዋን ቀረች።

ጡረታ ልወጣ ዐሥር ቀን ሲቀረኝ
አንድ ፖስታ ወጣ ከቦርሳዬ ግርጌ፦
የምርጫ ቢሮ ማኅተም፣ ስሟ፣ ግሌንኬር፣
ቁጥር ዐሥራ ሰባት።
ቢሮውን አለፍኩት።
«ጃያሲሪ! ወዴት?» አለ ጸሐፊው በመስኮት።
ሦስት መቶ እርምጃ አልኳችሁ? ቆጠርኩት፤
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ነው ለካ።

ደጇ ላይ ቆማ አነበበች፦
ወንበሯ መለቀቁን፣ አበሏ መቆሙን፣
ቁልፉን እንድትመልስ።
ከሁሉ በኋላ ቀኑን አየችው።
«ትናንት ወዲያ ነው የተጻፈው» አለች፣ «በጊዜው ደረሰ»፣
ሳቀችም፤ እንባ ያለበት ሳቅ አልነበረም።

ያኔ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፦ «ያ ደብዳቤ… ማክሰኞ…»
ቀና ብላ አየችኝ፣ ቦርሳዬንም አየች፤
«ለዐሥራ ስምንት ቁጥርስ? የለም?» አለች።